አምባሰል ገብቶ ትዝታ ቢወጣ ጥፋቱ የኮምፒዩተሩ አይደለም

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በቤት ውስጥ በኮምፒዩተር ስለሚሠራ ሙዚቃ ወሬ በተነሳ ቁጥር ፍርዱ ያው ነው። «የሰፈር ስቱዲዮ ዘፈኑን አበላሸው፤ ኮምፒዩተር ለዛውን ገደለው፤ አዲስ አበባ ሄዶ ያልተቀረጸ ሥራ ሥራ አይባልም» ይባላል። እኛ በደሴና በኮምቦልቻ በቀረጻና በቅንብር ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ነን። ብዙው የቤት ሥራ ጆሮ እንደሚሻክር አንክድም። ምክንያቱ ላይ ግን አንስማማም። ሶፍትዌሩ የሚመጣው ለተሠራበት አገር ሙዚቃ እንዲመች ሆኖ ነው፤ እኛ ደግሞ ምንም ሳንነካ እንደመጣ እንሠራበታለን። በዚያ ላይ ባዶ የብሎኬት ክፍል ይጨመርበታል። ሁለቱም ይስተካከላሉ፤ አብዛኛውም ገንዘብ አይጠይቅም። ቦታ ከሰጡን በዝርዝር እናስረዳ።

ከቅኝቱ እንጀምር፤ ወሎዬን የሚያንገበግበው እሱ ነውና። ባቲ ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ፣ አምባሰል ከደሴ በስተሰሜን፣ ሁለቱም የደጃችን ስሞች ናቸው። አንዲት ዘፋኝ ከሲ (C) የሚነሳ አምባሰል ዘፈነች እንበል። የምትረግጣቸው ድምፆች ሲ፣ ሲ ሻርፕ፣ ኤፍ፣ ጂ እና ጂ ሻርፕ ናቸው። ቀራጩ ከቅኝት የወጣን ድምፅ ወደ ቦታው የሚመልሰውን ፕሮግራም፣ የድምፅ ማረሚያውን፣ ይከፍትና መነሻው ሲ ስለሆነ ብቻ «ሲ ሜጀር» የሚለውን ይመርጣል። በሲ ሜጀር ውስጥ ግን ሲ ሻርፕም ጂ ሻርፕም የሉም። ማረሚያው ሁለቱን እንደ ስህተት ቆጥሮ ወደ ጎረቤታቸው ይገፋቸዋል። ሲ ሻርፕ ወደ ዲ፣ ጂ ሻርፕ ወደ ኤ ከተገፉ የሚቀረው ሲ፣ ዲ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ነው፤ ይህ ደግሞ ቁጭ ብሎ ከኤፍ የሚነሳ ትዝታ ሜጀር ነው። ወደ ታች ከተገፉ ሦስት ድምፅ ብቻ ይቀራል። በተግባር የሚሆነው የሁለቱ ድብልቅ ነው፤ ዘፋኟ በአንድ ስንኝ ውስጥ ጥቂት ከፍ ጥቂት ዝቅ ስትል አንዱ ድምፅ ሽቅብ ሌላው ቁልቁል ይሄዳል። አድማጭ የተበላሸውን ለይቶ ባያውቅም «ይሄ አምባሰል አይደለም» ይላል፤ እውነቱን ነው።

አብዛኞቹ ማረሚያዎች፣ ኦቶቲዩንም ሆነ ሪፐር ከተባለው የቀረጻ ፕሮግራም ጋር አብሮ የሚመጣው ሪያቲዩን፣ አሥራ ሁለቱን ድምፆች አንድ በአንድ ማጥፊያና ማብሪያ አላቸው። ሁሉንም አጥፍቶ የቅኝቱን አምስት ብቻ ማብራት ነው። ከሲ ሲነሱ ትዝታ ሜጀር ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ፤ ትዝታ ማይነር ሲ፣ ዲ፣ ዲ ሻርፕ፣ ጂ፣ ጂ ሻርፕ፤ ባቲ ሜጀር ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ቢ፤ ባቲ ማይነር ሲ፣ ዲ ሻርፕ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ሻርፕ፤ አንቺሆዬ ደግሞ ሲ፣ ሲ ሻርፕ፣ ኤፍ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ኤ ነው። መነሻው ሌላ ከሆነ ሁሉንም እኩል ማዛወር ብቻ ነው። ቀጥሎ የማረሚያው ፍጥነት ይመጣል። ዜሮ ሚሊ ሰከንድ ላይ ከተተወ አንዱን ድምፅ ከሌላው የሚያያይዘውን እንጉርጉሮ ወደ ደረጃ ይለውጠዋል፤ ለትዝታና ለአንቺሆዬ ከ60 ሚሊ ሰከንድ በታች ባይወርዱ ይሻላል። ከዚህ ሁሉ የሚሻለው ግን ማረሚያውን በዘፈኑ ሙሉ አለመዘርጋት ነው። የወጣችውን አንዲት ድምፅ ብቻ ለይቶ በእጅ መመለስ፣ የቀረውን መተው። ኦቶቲዩን እ.ኤ.አ. በ1997 ለገበያ ሲቀርብ የሠራው አንዲ ሂልደብራንድ ለነዳጅ ፍለጋ የመሬት ውስጥ ሞገድ ይተነትን የነበረ መሐንዲስ ነው። መሣሪያው ሒሳብ ያውቃል፤ አንቺሆዬን እንዲያውቅ የሚያደርገው እኛው ነን። ማሲንቆ ላይ ደግሞ ከነጭራሹ አይከፈት፤ የጣቱን መንሸራተት ካስወገዱለት የቀረው ድምፅ የማሲንቆ አይሆንም።

ምቱም እንደዚሁ ነው። ችክችካ በሦስት በሦስት የሚከፈል ምት ነው። ኤፍኤል ስቱዲዮ የተባለው የቅንብር ፕሮግራም ሲከፈት የሚያሳየው ግን አራት በአራት የተከፈሉ 16 ሳጥኖችን ነው። ጀማሪው ከበሮውን እዚያ ላይ ይሞላል፤ የማይገጥመውን ወደ ቅርቡ ሳጥን ያስጠጋል፤ ከዚያ የሚወጣው የሚያነክስ ችክችካ ነው። በመቼቱ ውስጥ በአንድ ምት 4 የሚለውን 3፣ የሳጥኑን ብዛት 12 ማድረግ ነገሩን ይጨርሰዋል። በሪፐር ወይም በሌላው ፕሮግራም በኩቤዝ የሚሠራ ሰው 4/4 ላይ ሆኖ ፍርግርጉን ወደ ትሪፕሌት (ሦስት በሦስት) ይቀይር። 6/8 ብሎ መጻፍ የፈለገ ደግሞ ፍጥነቱን ያስተውል፤ እግር በደቂቃ 120 ጊዜ የሚመታ ከሆነ፣ ሶፍትዌሩ የሚቆጥረው ሩብ ኖታ ስለሆነ 180 ነው መሙላት ያለበት። በእጅ የተመታ ከበሮን ኳንታይዝ ሲያደርጉ፣ ማለትም ምቱን ወደ ፍርግርጉ ሲያስጠጉ፣ 100 በመቶ አይሁን፤ ከ50 እስከ 60 በመቶ ሲሆን ስህተቱ ይታረማል፣ የመቺው እጅም አይጠፋም። ዝግ ብሎ የሚሄድ ትዝታ ግን ሜትሮኖም (ምት ቆጣሪ) አይፈልግም። ክራሩ በነጻ ይቀረጽ፣ ድምፁ በክራሩ ላይ ይቀረጽ፣ ሌላው እነሱን ይከተል።

ወደ ክፍሉ እንምጣ። አብዛኛው ጥፋት የሚመነጨው ከዚህ ነው፤ ብዙው ሰው ግን ለክፍሉ ሳያስብ ሌላ ማይክ ይገዛል። በሲሚንቶ የተለሰነ 3 በ3 ሜትር ክፍል ለቀረጻ ከሚገኙት ሁሉ የከፋው ነው። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ስለሚሄድ፣ 3 ሜትር በተራራቁ ሁለት ግድግዳዎች መካከል 57 ሄርዝና እጥፎቹ፣ 114፣ 171 እያለ፣ ያገሳሉ። ክፍሉ ካሬ ሲሆን የወርዱና የቁመቱ ግሳት አንድ ላይ ይደራረባል፤ የወንድ ድምፅ አንዳንድ ቃል ላይ በድንገት ወፍሮ የሚሰማው በዚህ ነው። ምርጫ ካለ አራት ማዕዘን ሆኖ ወርዱና ቁመቱ የሚለያይ ክፍል ይመረጥ። የጭቃ ቤት ከብሎኬት ይሻላል ስንል የሚስቁብን አሉ፤ ግድግዳው ወጣ ገባ ስለሆነ ድምፁን በትኖ ነው የሚመልሰው።

የእንቁላል ካርቶን መለጠፍ ይቅር። ቀጭን ነገር የሚውጠው ስል ስሉን ድምፅ ብቻ ነው፤ ወፍራሙ እንዳለ ይቀራል፤ ቀረጻውም ሣጥን ውስጥ የተዘፈነ ይመስላል። ሕጉ ቀላል ነው፦ አንድ ነገር ድምፅን በደንብ የሚውጠው ውፍረቱ የሞገዱን ርዝመት ሩብ ሲጠጋ ነው። የ343 ሄርዝ ሞገድ አንድ ሜትር ነው፤ ሩቡ 25 ሴንቲ ሜትር። 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የስፖንጅ ፍራሽ ከግድግዳው 10 ሴንቲ ሜትር ራቅ ተደርጎ ቢቆም ወደ 20 ይጠጋል፤ ለሰው ድምፅ ይበቃል። የጥጥ ፍራሽ ከስፖንጅ ይበልጣል። ባና ያለው ሰው ሁለት እጥፍ አድርጎ ይስቀለው፤ የበግ ሱፍ በዚህ ሥራ የተመሰከረለት ነው። የት እንደሚቆም ደግሞ ልብ ይባል፦ ፍራሹ የሚቆመው ከማይኩ ጀርባ ሳይሆን ከዘፋኙ ጀርባ ነው። ማይኩ ፊቱን ያዞረው ወደ ዘፋኙ ስለሆነ፣ ከዘፋኙ ኋላ ካለው ግድግዳ የሚመለሰውን ሁሉ ይሰማል፤ በራሱ ጀርባ ያለውን በአመዛኙ አይሰማም። ሦስት ፍራሽ ካለ አንዱ ከኋላ፣ ሁለቱ ግራና ቀኝ። ዘፋኙ ከክፍሉ መሀልም ከጥግም ይራቅ፤ የርዝመቱ ሢሶ አካባቢ ደህና ነው።

ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ጣሪያ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ከዘፋኙ አናት በላይ ብርድ ልብስ በገመድ ወጥሮ መስቀል የግድ ነው። የክረምት ዝናብ ሲጀምር ምንም ብልሃት የለም፤ ቀረጻው ቆሞ ሚክስ ይሠራበት። ብዙዎች የማያስተውሉት ግን የማታውን ነው። ፀሐይ ስትጠልቅና የደሴ ብርድ ሲወርድ የጋለው ቆርቆሮ እየተኮማተረ ጠቅ ጠቅ ይላል። በጆሮ አይታወቅም፤ ስክሪኑ ላይ ሲጎላ ግን በሁለት ስንኝ መካከል እንደ መርፌ የቆመ ቀጭን መስመር ሆኖ ይታያል፤ ኮምፕረሰር (ጮሆ የወጣውን ዝቅ አድርጎ የድምፁን መጠን የሚያቀራርበው) ሲገባበትም ጎልቶ ይሰማል። ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ባይቀረጽ መልካም ነው። ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ የከባድ መኪና ጉርምርምታና የቬንትሌተር ድምፅ አለ። ጉርምርምታው በአብዛኛው ከ80 ሄርዝ በታች ስለሆነ ከዚያ በታች ያለውን መቁረጥ ይበቃል፤ ቬንትሌተሩ ግን የዘፈኑን ያህል ጊዜ መጥፋት አለበት።

መሣሪያ ላይ አጭር እንሁን። ገበያ ላይ ያለው፣ መብራቱ የሚብለጨለጭ፣ የጭብጨባና የሳቅ ቁልፍ ያለው «ላይቭ ሳውንድ ካርድ» ለቀረጻ አይሆንም፤ ኤኮውን ከድምፁ ጋር አዋህዶ ስለሚያስገባ በኋላ አይወጣም። ኮንዴንሰር ማይክ 48 ቮልት ይፈልጋል፤ በቀጭን የጆሮ ማዳመጫ ሶኬት ላፕቶፕ ላይ ሲሰኩት ያን አያገኝም፤ ሹክሹክታ የሚመስል ድምፅ ከብዙ ሽውታ ጋር ይሰጣል። 48 ቮልት የሚሰጥ ባለ ሁለት ማስገቢያ የዩኤስቢ ኦዲዮ ኢንተርፌስ በቂ ነው። ክፍሉ ካልተስተካከለ ከኮንዴንሰር ይልቅ ዳይናሚክ ማይክ ይመረጥ፤ ሩቁን ብዙም አይሰማም። ብሉቱዝ ሄድፎን አድርጎ መቅረጽ አይሞከር፤ ድምፁ ዘግይቶ ስለሚደርስ ዘፋኙ ከምቱ ኋላ ይቀራል፤ ሰዉም «ምት አያውቅም» ብሎ ይፈርድበታል። የባፈሩ (ኮምፒዩተሩ ድምፁን ለማሰናዳት በአንድ ጊዜ የሚይዘው ክምችት) መጠን ሲቀረጽ 128 ወይም 256፣ ሚክስ ሲሠራ 1024 ይሁን። 256 በ48 ሺህ ሄርዝ ላይ በአንድ አቅጣጫ ከ6 ሚሊ ሰከንድ በታች ነው፤ ብዙም አይሰማም። ድምፁ ጣ ጣ እያለ ከተቆራረጠ ኮምፒዩተሩ አልቻለም ማለት ነውና አንድ ደረጃ ከፍ ይደረግ።

ሶፍትዌሩን በተመለከተ ክራክ የተደረገ ፕሮግራም ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ሲዘዋወር ቫይረስ አብሮ እንደሚዘዋወር ሁሉም ያውቃል፤ አውቆም ይጭናል። ሪፐር 60 ቀን በነጻ ተሞክሮ ለግለሰብ በ60 ዶላር የሚገዛ ነው፤ ደካማ ላፕቶፕም ይሸከመዋል። ኦዳሲቲ ሙሉ በሙሉ ነጻ ነው፤ ድምፅ ለመቅረጽና ለመቁረጥ ይበቃል፤ ለቅንብር ግን አይመችም። የኤፍኤል ስቱዲዮን የሙከራ ቅጂ የሚጠቀም ሰው የሠራውን ቢያስቀምጥም መልሶ ከፍቶ እንደማይቀጥል ይወቅ፤ ኮምፒዩተሩን ከመዝጋቱ በፊት እያንዳንዱን ትራክ ለየብቻ ዌቭ (ያልተጨመቀ የድምፅ ፋይል) አድርጎ ያውጣ።

የድምፅ መጠን ላይ የካሴት ዘመን ልማድ አልለቀቀንም። ያኔ ዝቅ ተደርጎ ከተቀረጸ የካሴቱ ሽውታ ይጎላ ስለነበር ሁሉም እስከ ቀዩ ይነዳው ነበር። በ24 ቢት ይህ አያስፈልግም። የዘፈኑ ከፍተኛ ጩኸት ከዜሮ በታች 10 ወይም 12 ዴሲቤል ላይ ቢያርፍ በቂ ነው። ዜሮን የነካ ድምፅ ይቆረጣል፤ የተቆረጠውን የሚመልስ ማስተር የለም። ዘፋኝ ሲሞክር ከሚያወጣው ድምፅ ይልቅ ሲሞቀው የሚያወጣው ይበልጣልና ጌይኑ (የማይኩ ድምፅ የሚገባበት መጠን) የሚለካው በዘፈኑ ከፍተኛ ስንኝ ነው። ማይኩ ከአፍ 15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር፣ በመካከላቸው ደግሞ ትንፋሹን የሚሰብር፣ በሽቦ ቀለበት የተወጠረ የሴት ስቶኪንግ ይሁን።

መብራቱስ? ብዙ ቤት ሶኬቱ ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርድ ሽቦ) የለውም። ቀረጻው ላይ ኡኡኡ የሚል የ50 ሄርዝ ድምፅ ካለና ማይኩን ወይም የላፕቶፑን ብረት ሲነኩ የሚቀንስ ከሆነ ምልክቱ ይኸው ነው። ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀሩን ነቅሎ በባትሪ መቅረጽ ነው። ዴስክቶፕ ከሆነ ኤሌክትሪሺያን ጠርቶ ኧርዝ ማስቀበር፤ ለቀረጻው ብቻ ሳይሆን ለሰውም ደኅንነት ነው። አጠገብ ያለ ሞባይል ኤርፕሌን ሞድ ላይ ይሁን። ዴስክቶፕ ላይ ያለ ሰው መብራት ሲሄድ ሥራው እንዳይሄድበት በየ5 ደቂቃው ራሱ እንዲያስቀምጥ ያዝዘው።

መንዙማ የሚቀርጹ ልጆች በዝተዋል፤ ደስ ይላል። ችግራቸው አንድ ነው፤ መሪውን፣ ተቀባዩን፣ ጭብጨባውንና ከበሮውን በአንድ ማይክ ፊት ይደረድራሉ። ከበሮ ሁልጊዜ ያሸንፋል፤ በኋላም አይለይም። አንድ ማይክ ብቻ ካለ ተራ በተራ ይቀረጽ። መጀመሪያ መሪው ለስላሳ ምት እየሰማ ለብቻው፤ ከዚያ ተቀባዮቹ ከማይኩ አንድ ሜትር ተኩል ርቀው በግማሽ ክብ፤ ሦስት ሰው ቦታ እየተለዋወጠ ሦስት ጊዜ ቢቀበል የዘጠኝ ሰው ሆኖ ይሰማል። ጭብጨባ ስለታም ስለሆነ ሁለት ሜትር ይራቅ። ከበሮው መጨረሻ ይግባ። በክረምት እርጥበት የከበሮም የማሲንቆም ቆዳ ይረግባል፤ ከበሮው ይሙቅ፣ ማሲንቆው በየቀረጻው መሀል ይቃኝ፤ አለዚያ የዘፈኑ መጀመሪያና መጨረሻ አይገናኙም። ማሲንቆ ሲቀረጽ ማይኩ ከቆዳው 30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር፣ ከደጋኑ ጎን ዘወር ብሎ ይሁን፤ ፊት ለፊት ከሆነ የፀጉሩ ፍትጊያ ዜማውን ይውጠዋል።

ሚክስ ላይ አንድ ነገር ብቻ እናንሳ፤ በየቦታው የምንሰማው ስህተት ስለሆነ። ቀ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጸ ሲነገሩ ድንገት ፈንድተው የሚወጡ ድምፆች ናቸው። ኮምፕረሰሩ በ1 ሚሊ ሰከንድ የሚነሳ ከሆነ ያንን ፍንዳታ ገና ሲወለድ ያፍነዋል፤ ያኔ «ጠራ» ወደ «ተራ» ይጠጋል፤ ግጥሙም ይደበዝዛል። አነሳሱን ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሰከንድ፣ ሬሾውን 3 ለ1 አድርጎ መርፌው ከ3 እስከ 6 ዴሲቤል ቢወርድ ቃሉ ጥርት ይላል። ኤኮውን ደግሞ ይቀንሱልን። ሪቨርብ (የክፍል ማስተጋባት የሚሰጠው ኤኮ) ከድምፁ 20 ወይም 30 ሚሊ ሰከንድ ዘግይቶ እንዲነሳ ቢደረግ ግማሹ መጠን ይበቃል።

በመጨረሻ፣ ለውድድርና ለበዓል ዝግጅት «ሥራችሁን ላኩ» የሚሉ አዘጋጆች ጋዜጣችሁን ስለሚያነቡ አንድ ነገር እንዲያስተካክሉ እንጠይቃለን። በቴሌግራም የድምፅ መልእክት የተላከ ዘፈን ተጨምቆ ነው የሚደርሰው፤ በዚያ ላይ ተመሥርቶ «የቤት ቀረጻ ጥራት የለውም» ማለት ልክ አይደለም። በማስታወቂያው ላይ 24 ቢት፣ 48 ሺህ ሄርዝ ዌቭ፣ በፋይል መልክ የሚላክ ተብሎ ይጻፍ። አንድ ሞኖ ትራክ በደቂቃ 9 ሜጋባይት አይሞላም፤ የ5 ደቂቃ ዘፈን በስቴሪዮ ከ90 ሜጋባይት በታች ነው። ኔት ለሌለው ተወዳዳሪ ደግሞ ፍላሽ የሚቀበል ሰው በደሴም በኮምቦልቻም ይመደብ።

ከአክብሮት ጋር
ከደሴና ከኮምቦልቻ የቀረጻና የቅንብር ሠራተኞች